በቃል የታነጸ ቤት

ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ዘአምላኪየ ሦስት፣ ሚ በዝኁም ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። የቅኔ ተማሪ ከሁለቱ ይጀምራል። በሁለቱ ቤት ሳይጸና ወደ ሦስቱ አይሻገርም፤ አንዱን እየረታ ወደሚቀጥለው እያለፈ ሁሉንም ሲዘልቅ «ሙሉ ቤት ሆነ» ይባልለታል። ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው የቅኔ ዓይነቶች ዝርዝር አድርገን ነው። ረጋ ብሎ ለተመለከተው ግን በጥንቃቄ የተለካ የጥናት ደረጃ ይታይበታል። እያንዳንዱ እርከን ካለፈው የሚረዝመው በጥቂቱ ነው። ትናንት ሁለት ቤት የሞላለትን ልጅ ዛሬ ስምንት ቤት ሙላ የሚለው የለም። ፈጣኑም ዘገምተኛውም ከአንድ ቦታ ይነሣሉ፤ የሚለያዩት በየእርከኑ ላይ በሚቆዩበት ጊዜ ነው። እርከን መዝለል ለማንም አልተፈቀደም።

የጣና ዳር ሰው ስለ ጥበብ ሥራ ሲጠየቅ የሚያሳየው አያጣም። የክብራን ገብርኤል ብራናዎች አሉ፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች አሉ፤ ከደንገል ታስሮ ሐይቁ ላይ የሚቀዘፈው ታንኳ አለ። እኔ ዛሬ ላደንቅ የተነሣሁት ግን በእጅ የማይዳሰስ ሥራ ነው፤ የአጠናን ሥርዓት። ጎጃምና በጌምድር ከጣና ወዲህና ወዲያ ሆነው ለዘመናት ያቆዩት የአብነት ትምህርት ቤት፣ ከቤቱ ርቆ የሚማር ሰው ከትምህርቱ እንዳይጠፋ ታስቦ መገጣጠሚያው ሁሉ የተሠራ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ስልኩን ይዞ በኦንላይን የሚማር ወጣት የጎደለው ደግሞ በትክክል ይኸው ነው። ስለዚህ ሥራውን በቅርብ ማየት ለአድናቆት ብቻ ሳይሆን ለጥቅምም ይሆናል።

የኦንላይን ትምህርት ለከተማችን እንግዳ መሆኑ አብቅቷል። «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» መርሐ ግብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርሶችን በነፃ መውሰድ ተችሏል። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የዘረጋው የኢ-ለርኒንግ መርሐ ግብርም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ወደ ኦንላይን ማስተማር እያስገባ ነው፤ ተማሪው በኦንላይን እንዴት ማጥናት እንዳለበት የሚያለማምዱ ኮርሶችንም ይዟል። በፔዳ ግቢ፣ በፖሊ ግቢ፣ በሐይቁ ዳር ባሉ ካፌዎች የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ቪዲዮ የሚከታተል ወጣት ማየት የዕለት ነገር ሆኗል።

መጀመሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ መጨረሱ ላይ ነው። ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ ቫሊየንቴ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ኤምአይቲና ሃርቫርድ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ የሰጧቸውን ኮርሶች መረመሩ። በ2017/18 የትምህርት ዘመን ከተመዘገቡት ውስጥ ኮርሱን የጨረሱት ከመቶ 3.13 ብቻ ነበሩ። ለምስክር ወረቀቱ ገንዘብ ከከፈሉት ውስጥ ግን ከመቶ 46 ያህሉ ጨርሰዋል። የሚከፍል ሰው አስቀድሞ የቆረጠ ስለሆነ ልዩነቱን ገንዘቡ ብቻ አመጣው አይባልም። ያም ሆኖ ቁጥሩ አንድ ነገር ያሳያል፤ ራሱን በአንድ ነገር ያሰረ ሰው ይቆያል፣ ያላሰረ ይበተናል። በኦንላይን ኮርስ ደወል የሚደውል፣ ስም የሚጠራ፣ አጠገብ ተቀምጦ «ትናንት የት ጠፋህ?» የሚል የለም። ከመደበኛው ክፍል ጋር ያለ ድካም የምናገኘው ማሰሪያ ሁሉ ይቀራል፤ ተማሪው ራሱ ካልሠራው በቀር የለም።

የአብነት ተማሪም እንዲሁ ነበር፣ ዛሬም ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ብዙ ጊዜ ለወላጆቹ እንኳ ሳይናገር ከቀዬው ይወጣል። መዝጋቢ የለውም፤ ቢቀር የሚቀጣው ሕግ የለም፤ መምህሩን ጥሎ ወደ ሌላ መምህር ቢሄድ የሚከለክለው የለም። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሹን ለምኖ ያድራል። በዚህ ሁኔታ ዓመታትን በትምህርት መዝለቅ በወኔ ብቻ የሚቻል አይደለም። የሚያዘልቅ ሥራ ከሥር አለ።

የቅኔ ቤትን ውሎ እንመልከት። በማለዳ የግእዝ ግስና አገባብ ይጠናል፤ ይህ መሣሪያ የሚያዝበት ሰዓት ነው። ከዚያ ተማሪው ይበተናል። አንዱ በወንዝ ዳር፣ አንዱ በዛፍ ጥላ፣ አንዱ ቁራሽ ሊለምን በሚሄድበት መንገድ ላይ ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን ቅኔ ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ቤት ይመታል። አመሻሹ ላይ ጉባኤው ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ነገራ ነው፤ ቀን የቆጠረውን ቅኔ እያንዳንዱ ይናገራል፣ ይታረማል፣ ይቃናል። በመጨረሻ የኔታ ራሳቸው ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው በጆሮው ይቀበላል፤ ምሥጢሩም ይነገረዋል። በነጋታው የሚቆጥረው ያን አብነት በልቡ ይዞ ነው።

ይህን ውሎ ሰዓት በሰዓት ብንመዝነው የሠሪዎቹ ጥንቃቄ ይገለጣል። ከመምህር መቀበያው ሰዓት አጭር ነው። ብቻን ሆኖ የመሥሪያው ሰዓት ረጅም ነው። የመታረሚያው ሰዓት በየቀኑ አለ፣ አይታለፍም። መቀበል፣ መሥራት፣ መታረም፤ ሦስቱ በአንድ ቀን ውስጥ ዙራቸውን ይጨርሳሉ። የተማሩትን ሳይሞክሩ፣ የሞከሩትን ሳያሳርሙ የሚታደርበት ቀን የለም። ስሕተት አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር ይያዛል፤ ሥር ሰዶ ልማድ የሚሆንበት ጊዜ አያገኝም።

የስልክ ተማሪው ውሎ ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። ሦስት ሰዓት ቪዲዮ ያያል፤ ሲያይ ሁሉም ነገር ይገባዋል፤ «ገባኝ» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። መሥራቱን ለቅዳሜ ያቆየዋል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ያየው ሁሉ ከአእምሮው ተንኗል። ስለዚህ ከቅኔ ቤት የምንወስደው የመጀመሪያው ነገር ምጣኔው ነው። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ካያችሁ ሃያ ደቂቃ ሥሩበት። ፕሮግራሚንግ ከሆነ ቪዲዮውን ዘግታችሁ ኮዱን ከባዶ ገጽ ጻፉት። ሒሳብ አያያዝ ከሆነ በሠፈራችሁ ያለ የአንድ ሱቅ የቀን ሽያጭ ወስዳችሁ መዝግቡት። እንግሊዝኛ ከሆነ የተማራችሁትን አምስት ቃል አስገብታችሁ የራሳችሁን አንቀጽ ጻፉ። ቪዲዮ ማየት ግስ መያዝ ነው፤ ቅኔው ገና አልተቆጠረም።

ሁለተኛው ነገር ነገራ ነው። የቅኔ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው፤ የት እንደዋለ የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን እንደሚመሽ ያውቃል፤ ማታ ሰው ፊት ቆሞ እንደሚናገር ያውቃል። የብቸኝነቱ ሰዓት ፍሬ የሚያፈራው ከፊቱ ያ ሰዓት ስላለ ነው። ቀጠሮው ትንሽ ነው፤ ለሁለት ቤት ቅኔ ነው። ቀጠሮው ቅርብ ነው፤ ዛሬ ማታ ነው። ቀጠሮው ከሰው ጋር ነው፤ ከወረቀት ጋር አይደለም። የኦንላይን ኮርሶች የጊዜ ገደብ ብዙ ጊዜ ሩቅና ለስላሳ ነው፤ ቢያልፍ ይራዘማል፣ ማንም አያዝንም፣ ማንም አያፍርም። ስለዚህ ተማሪው የራሱን ነገራ ማቆም አለበት። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ የተማረውን የሚነግረው አንድ ሰው ይኑረው። ያ ሰው የኮርሱ አዋቂ መሆን አይጠበቅበትም፤ በቁም ነገር የሚሰማና «ይቺ አልገባችኝም» የሚል ቢሆን ይበቃል። ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያቃተን ነጥብ ለእኛም ገና ያልጠራ ነው።

ሦስተኛው የአስነጋሪው ሥራ ነው። አንድ መምህር የብዙ ተማሪ ቅኔ በአንድ ማታ ሰምቶ አይጨርስም። ስለዚህ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስነግራል፤ ይሰማዋል፣ ያቃናዋል፣ ወደ የኔታ የሚቀርበውን ያዘጋጃል። የኔታ ለሁሉም ይደርሳሉ ማለት ነው፤ በእጃቸው ባይደርሱም ባሠለጠኑት እጅ ይደርሳሉ። ጀማሪው ቅርብ ጊዜ በዚያው ጭንቅ ካለፈ ሰው ይማራል፤ አስነጋሪው ደግሞ በጀማሪው ስሕተት ውስጥ የራሱን የትናንት ስሕተት እየለየ ዕውቀቱን ያጠነክራል። መገጣጠሚያው ሁለቱንም ወገን የሚሸከም ነው፤ በማስተማር ጊዜውን ያባከነ ማንም የለም።

የእኛ የቴሌግራም ቡድኖች ይህ ይጎድላቸዋል። ሺህ ሰው ያለበት ቡድን ፒዲኤፍ ይቀባበሉበታል እንጂ አይነገርበትም። ለጥናት የሚሆነው ከሦስት እስከ አምስት ሰው ያለበት ቡድን ነው፤ ቢቻል በተለያየ እርከን ላይ ያሉ ይሁኑ። አንዱ ኮርሱን ባለፈው ዓመት የጨረሰ፣ አንዱ መሐል ላይ ያለ፣ አንዱ ዛሬ የጀመረ ቢሆን ሦስቱም ይጠቀማሉ። ሁሉም ጀማሪ ከሆኑ ደግሞ ምዕራፎቹን ይከፋፈሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ ምዕራፍ አስነጋሪ ይሁን፤ በየሳምንቱ ተራው ይቀያየር።

አራተኛውና ከሁሉ ጥልቅ የሚመስለኝ ቃል ነው። በዜማ ቤትና በንባብ ቤት የቀን ትምህርት ከመጽሐፍ ነው፤ የሌሊቱ በጨለማ ነው። መብራት በሌለበት ጎጆ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት፣ ተማሪው የያዘውን ቀለም ከልቡ እያወጣ ይለዋል። ጨለማው ችግር ነበር፤ የትምህርቱ ሠሪዎች ግን ችግሩን የሥራው አካል አደረጉት። መጽሐፍ ሲታይ «አውቀዋለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ በጨለማ የሚወጣው በእርግጥ የገባው ብቻ ነው።

ዘመናዊው ምርምር ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎችን አነበቡ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉት ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ካነበቡት ከመቶ 81፣ ሳያዩ ከጻፉት ከመቶ 75 አስታወሱ፤ ደግሞ ማንበብ የበለጠ መሰለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት የቀረላቸው ከመቶ 42 ሲሆን፣ ሳያዩ ከጻፉት ከመቶ 56 ቀረላቸው። ደግሞ ማንበብ ለዛሬ ማታ ያስደስታል፤ ከልብ ማውጣት ለሳምንቱና ለዓመቱ ይተርፋል።

የዚህ ጥበብ ታላቅ ምስክር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ጎጃም ውስጥ በጽላሎ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ከአባታቸው ቅኔ ተማሩ፤ በኋላም የአባታቸውን ወንበር ተረክበው ጉባኤ አስፍተው ደቀ መዛሙርትን አስተማሩ። ግሱን፣ አገባቡን፣ የመጻሕፍቱን ታሪክ፣ የተማሪውን ቅኔ ሁሉ የያዙት በጆሯቸውና በልባቸው ነው። ተማሪው ሲነግራቸው የተሳሳተችውን ቃል ለይተው የሚያቃኑት ገጽ ገልጠው አልነበረም። በቃል የታነጸው ቤት ምን ያህል እንደሚሸከም ከእርሳቸው በላይ ያሳየን የለም።

ለስልክ ተማሪው ሥራው ይህን ይመስላል። ትምህርቱ እንዳለቀ ስክሪኑን አጥፉ። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ ቢያንስ አምስት ነጥብ ይሁን። ከዚያ ቪዲዮውን ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉበት። በነጋታው ከመጀመራችሁ በፊት የትናንቱን ሳታዩ በአፋችሁ በሉት፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ በሉት። ይህ ከማንበብ የበለጠ ያደክማል። የሚያደክመው ደግሞ እየሠራ ስለሆነ ነው።

አምስተኛው ምልክት ነው። የዜማውን መጽሐፍ የድጓን ገጽ ዓይኑን ጠጋ አድርጎ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቃሉን ደማቅ ጥቁር ቀለምና በየመካከሉ የገባውን ቀይ ነው። ቆየት ሲል በመስመሮቹ መካከል ሌላ እጅግ ቀጭን ጽሕፈት ይታየዋል። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች አንዳንዱ ነጥብ፣ አንዳንዱ ቅስት፣ አንዳንዱ ሰረዝ ሆነው ከፊደሉ ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ከእነርሱም ጋር አንድና ሁለት ፊደል ያላቸው ደቃቅ አጽሕሮቶች አሉ። እነዚህ ደቃቅ ፊደላት እያንዳንዳቸው ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ሐረግ ይጠራሉ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዚህን ሥራ መስፋፋት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በተድባበ ማርያም ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ያያይዘዋል።

እዚህ ላይ የሚደነቀው ቁጠባው ነው። ምልክቱ ዜማውን ሙሉ በሙሉ አልጻፈውም፤ ልቡ ውስጥ ያለውን የሚቀሰቅስ ያህል ብቻ ጻፈ። ለማያውቅ ሰው ገጹ ዝም ይላል፤ ለተማረው ሁለት ፊደል ትበቃዋለች። ጸሐፊው ምን መጻፍ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ምን መተው እንዳለበትም ያውቃል። ብዙ የድጓ ተማሪ ደግሞ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ እያንዳንዷን ምልክት ሲያስቀምጥ አንድ ጊዜ በጣቱ፣ አንድ ጊዜ በጆሮው ይማራታል።

ከቪዲዮ ማስታወሻ ስንይዝ የምንሠራው ከዚህ ይለያል። መምህሩ የተናገረውን ቃል በቃል እንገለብጣለን፤ ስላይዱን በስልክ እናነሣለን፤ ፎቶው ከሌሎች ፎቶዎች መካከል ይጠፋል። ጥሩ ማስታወሻ ምልክት የሚያደርግ ማስታወሻ ነው። አንድ ሐሳብ በአንድ መስመር፣ በራሳችን ቃል፣ አጠገቡም ጥያቄ። «ይህ ለምን ይሠራል?»፣ «ይህ ካለፈው ምዕራፍ በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ በኅዳግ የጻፈ ተማሪ ከወር በኋላ ማስታወሻውን ሲገልጥ መልሱን ከልቡ ለማውጣት ይገደዳል። የቪዲዮውን ደቂቃ አብሮ መጻፍም ይረዳል፤ የጠፋንን ነገር ከሁለት ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ከመፈለግ በቀጥታ እዚያ ነጥብ ላይ መድረስ ይቻላል።

ድጓው ሌላም ትምህርት አለው። አደራረሱ በዓመቱ ዙር ነው፤ ዮሐንስ፣ አስተምህሮ፣ ፋሲካ እያለ ከወቅቱ ጋር ይሄዳል፤ የዐቢይ ጾሙ ጾመ ድጓ አለው። የተጠናው ነገር የሚዜምበት በዓል ከፊቱ አለ። ዕውቀቱ በመጋዘን አይቀመጥም፤ የሚውልበት ቀን አለው። የኦንላይን ተማሪም የሚማረውን የሚያውልበትን ቀን አስቀድሞ ቢቆርጥ ትምህርቱ ሌላ ክብደት ያገኛል። ኤክሴል የሚማር ሰው በወሩ መጨረሻ የዕድሩን ሒሳብ እሠራለሁ ብሎ ለዳኛው ቃል ይግባ። ፎቶግራፍ የሚማር የዘመድ ሠርግ ይያዝ። ድረ ገጽ መሥራት የሚማር የአንድ ጎረቤት ሆቴል ገጽ ይጀምር።

ስድስተኛው አኩፋዳው ነው። የቆሎ ተማሪ ንብረቱ ሁሉ በአንድ አኩፋዳ ይገባል፤ የሚፈልገውን በጨለማም ያገኘዋል። የስልካችን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ገበያ ነው፤ አንዱ ፒዲኤፍ ሦስት ጊዜ ወርዷል፣ ስሙም ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ነው። ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰዓት ለሥርዓት ስጡ። ለኮርሱ አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ በውስጡ በየሳምንቱ ቁጥር ሌሎች ክፈቱ፤ የምታወርዱትን ፋይል ወዲያውኑ በሚገባችሁ በአማርኛ ስም ሰይሙት። የኮርሱን ሙሉ ዝርዝር አንብባችሁ የፈተናና የማስረከቢያ ቀኖችን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ወረቀቱን ከምታጠኑበት ፊት ለጥፉት። የፈረንጁን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛ ሰዓት ገልብጡት። ብዙ ማስረከቢያ የሚያልፈው ባለማወቅ ሳይሆን በዚህ የቀንና የሰዓት መምታታት ነው።

ከሥርዓቱ ጋር የኔትወርኩ ጉዳይ ይነሣል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ያኔ ትምህርታቸው በስልክ ላይ ብቻ የነበረ ተማሪዎች ምን እንደሆኑ የባሕር ዳር ሰው ያውቃል። መብራት ሲጠፋ፣ መስመር ሲደክም የሚቆም ጥናት ደካማ ጥናት ነው። ዋይፋይ ባለበት ሰዓት ወይም በሌሊት የዳታ ጥቅል የሳምንቱን ቪዲዮና ንባብ አንድ ላይ አውርዱ። የማስረከቢያ ሥራ ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ማስታወሻችሁ በወረቀት ይሁን። መረቡ ቢቋረጥም ሳያዩ መጻፍ፣ ለሰው መንገር፣ መሥራት አይቋረጡም፤ የትምህርቱ ትልቁ ክፍል ደግሞ እነዚህ ናቸው።

ሰባተኛው ምስክር ነው። ድጓን በብዙ ደብር መማር ይቻላል፤ ለማስመስከር ግን ወደ ቤተልሔም ይኬዳል። ዝማሬ መዋስዕት ዙር አባ ይመሰከራል፤ ቅዳሴ ሰለልኩላ። ሁሉም ከጣና በስተምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር ምድር የታወቁ ናቸው። ያስተማረው መምህር ብቻውን «በቃህ» አይልም፤ ተማሪው ወደማያውቁት ሊቃውንት ሄዶ፣ የያዘውን ከእነርሱ ጋር አመሳክሮ፣ የጎደለውን ሞልቶ ይመለሳል። ዕውቀት ከተማሩበት ቤት ውጭ መፈተን እንዳለበት ይህ ሥርዓት አጥብቆ ያዘ። ዛሬ ኮርስ ሲያልቅ የሚላከው የምስክር ወረቀት በፒዲኤፍ ይመጣል፤ መልካም ነው፣ ይቀመጥ። ከእርሱ ጋር ግን ኮርሱን ላላየ ሰው የሚቀርብ አንድ የተሠራ ነገር ይኑር። የሠራችሁትን ሙያውን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ «የት ላይ ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ሳደንቅ የማይወረሰውን መለየት ይገባኛል። ረኃቡ አይወረስም፤ ዱላው አይወረስም። የሴት ልጅ በጉባኤው ጠርዝ መቅረት አይወረስም፤ እማሆይ ገላነሽ የተነሡት ሥርዓቱ ለሴቶች ስለተከፈተ ሳይሆን እርሳቸውና አባታቸው ስለከፈቱት ነው። ዛሬ በስልኳ የምትማር ልጅ ይህን በር ተከፍቶ ታገኘዋለች። ነገር ግን የቤት ሥራው በእርሷ ላይ ሲወድቅ ጊዜዋ ይጠፋል። ስለዚህ የጥናት ሰዓት የቤተሰብ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ «ከዚህ እስከዚህ ሰዓት አጠናለሁ» ብላ ስትናገር ቤቱ ሰምቶ የሚጠብቅላት ሰዓት።

ቀን ሥራ ለሚውል የባሕር ዳር ሰው ሳምንቱን እንዲህ ማዋቀር ይቻላል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል ትምህርቱን ይቀበላል፤ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል ይሠራል። ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ ከሥራ በፊት ሃያ ደቂቃ የትናንቱን ሳያይ በቃሉ ይላል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ነገራ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት፣ በአካል ወይም በስልክ። ቅዳሜ ጠዋት የተሠራውን ያሳርማል። እሑድ ያርፋል፤ ማታ ላይ ብቻ የሚመጣውን ሳምንት ቪዲዮ አውርዶ በስማቸው ያደራጃል። በሳምንት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ምን እንደሚሠራበት ይታወቃል።

የአብነት ቤት ሠሪዎች ያወቁት ትልቅ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ተማሪን የሚያዘልቀው የትምህርቱ ጣፋጭነት ብቻ አይደለም፣ የራሱም ጽናት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ በደከሙበት ቀን የሚይዘው ሥርዓት ነው። እነርሱ ያለ ደወል፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ መብራት ሠርተውታል። እኛ ብዙ ነገር አለን፤ የጎደለን ማታ የሚሰማን ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ኮርስ ልትመዘገቡ ስትነሡ የኮርሶቹን ዝርዝር ከመክፈታችሁ በፊት ነገራ የምትነግሩትን ሰው ፈልጉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ተስማሙ፤ ምዝገባው ከዚያ ይቀጥላል።